የማኅፀንን የገደል ማሚቶ ያዳመጡት ሐኪም



ቡና አፍልተን በተሰባሰብን ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ፤ እርሱም የእርግዝናና የወሊድ ነገር ነው። ዛሬ ከመካከላችን ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ለክትትል ሄዳ፣ ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ተቀብታ፣ የልጇ ልብ ሲመታ በስክሪን አይታ ስትመለስ ደስታዋ ለሁላችንም ይተርፋል። እናቶቻችን ግን ይህን አላዩም። ልጁ አንድ ይሁን መንታ፣ በጭንቅላቱ ይምጣ በእግሩ፣ እንግዴ ልጁ የት ይቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ምጥ ከያዘ ወይም ደም ከፈሰሰ በኋላ ነበር።

በዚህ እትም አልትራሳውንድን ወደ ነፍሰ ጡር አልጋ ካመጡት ሰዎች ግንባር ቀደም የሆኑትን የፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድን ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን። ታሪካቸውን የመረጥነው ታላቅ ሰው ስለነበሩ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ምን እንደሚያደርግልን፣ ምን ደግሞ ለእኛ እንደሚተወው ከሕይወታቸው ስለተማርን ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሐዘን

ኢያን ዶናልድ ዲሴምበር 27 ቀን 1910 በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል አውራጃ፣ ሊስካርድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ከስኮትላንድ የመጣ ሲሆን አባታቸውም አያታቸውም ሐኪሞች ነበሩ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። ትምህርታቸውን በስኮትላንድ ጀምረው ሳለ የአባታቸው ጤና በመታወኩ ቤተሰቡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ።

በ1927 ዲፍቴሪያ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ወደዚያ ቤት ገባ። እናታቸው በዚያው ዓመት ሞቱ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ አባታቸውም ተከተሏቸው። ኢያን ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። እነዚያን ወላጅ አልባ ልጆች ሰብስበው የያዙት ሞድ ግራንት የተባሉ፣ የቤቱን ሥራ ይመሩ የነበሩ ሴት ናቸው። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ እንዲህ ያሉ ሴቶች ስም ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ግን ቆም ብለን ማመስገን ይገባናል፤ የሰው ልጅ አሳድጎ ለቁም ነገር ማብቃት ምን እንደሚጠይቅ የምናውቅ ነንና።

ኢያን በኬፕታውን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1930 ካገኙ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሰው የአባታቸውንና የአያታቸውን ሙያ መረጡ። ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1937 ተመረቁ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ የገበሬ ቤተሰብ ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ አሊክስ ሪቻርድስን አገቡ። አራት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ጦርነቱ ያስተማራቸው

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲካሄድ፣ በ1942፣ የብሪታንያን አየር ኃይል በሐኪምነት ተቀላቀሉ። አንድ ጊዜ ቦምብ የጫነ አውሮፕላን ወድቆ ሲቃጠል፣ ቦምቡ ገና ሳይፈነዳ ውስጥ ገብተው የታፈኑ የአየር ኃይል ባልደረቦችን አውጥተዋል። ለዚህም በ1946 የጀግንነት ኒሻን ተሸለሙ።

ከኒሻኑ ይልቅ ለእናቶች የጠቀመው ግን በአየር ኃይል ውስጥ ያዩት ነገር ነው። በዚያ ዘመን ራዳር በሰማይ ያለውን አውሮፕላን፣ ሶናር ደግሞ በባሕር ውስጥ የተደበቀውን ሰርጓጅ መርከብ ይፈልጉ ነበር። የሶናር አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል፤ የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ድምፁ ቶሎ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ዘግይቶ ከተመለሰ ሩቅ ነው። ሶናር ይህንኑ ያደርጋል። ድምፅ ይልካል፣ የሚመለሰውን ያዳምጣል፣ ጊዜውን ቆጥሮ ርቀቱን ያውቃል። አልትራሳውንድ የምንለውም የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው በላይ የቀጠነ ድምፅ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ማህፀንና ጽንስ ሕክምና ተመለሱ። በለንደን ሳሉ መተንፈስ ለሚያቅታቸው ጨቅላ ሕፃናት የሚረዳ የመተንፈሻ መሣሪያ ሠሩ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲፈቱና ሲገጥሙ ስለሚታዩ ባልደረቦቻቸው እብዱ ዶናልድ የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ቅጽል ስሙ ከሥራቸው አላስቆማቸውም።

ከፋብሪካው ደጃፍ

በ1954 በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ግላስጎው ያን ጊዜ የመርከብና የብረታ ብረት ከተማ ነበረች። ሠራተኛው በጠባብ ቤት ተፋፍጎ ይኖር ነበር። በልጅነታቸው ፀሐይና በቂ ምግብ ያላገኙ ብዙ ሴቶች አጥንትን የሚያለሰልሰው ሪኬትስ የዳሌ አጥንታቸውን አጥብቦባቸው ስለነበር ሲወልዱ ይቸገሩ ነበር። ልጁ ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር።

ሐኪሙ በእጁ ምን ነበረው? ሆድ የሚዳስስበት መዳፍ፣ የጽንሱን ልብ የሚሰማበት ቀንድ መሰል ማዳመጫ፣ ሜትርና ራጅ። ራጅ አጥንት ያሳያል፤ ነገር ግን ልክ በዚያው ዘመን፣ ከ1956 ጀምሮ፣ ዶክተር አሊስ ስቱዋርት የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በእርግዝና ወቅት ራጅ በተነሡ እናቶች ልጆች ላይ ካንሰር በርከት ብሎ እንደሚታይ በጥናት አሳዩ። በመጀመሪያ ብዙዎች አላመኗቸውም። ኋላ ግን እውነቱ እርሳቸው ዘንድ እንደነበር ታወቀ። እንግዲህ ሆድ ሳይከፈት፣ ጽንሱም ሳይጎዳ ውስጡን የሚያሳይ ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

ድምፅን ለሕክምና ለማዋል የሞከሩ ሰዎች ቀደም ብለው ነበሩ። በአሜሪካ የሚሠሩት ዶክተር ጆን ዋይልድ የጡት ዕጢን በአልትራሳውንድ ሲመረምሩ ዶናልድ ሰምተው ነበር፤ ከእርሳቸውም ጋር ተገናኝተዋል። ግላስጎው ሲደርሱ ደግሞ አንድ አጋጣሚ ተገኘ። የአንዲት ታካሚያቸው ባለቤት ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ በተባለ ትልቅ የእንፋሎት ጋን ፋብሪካ ኃላፊ ነበሩ። በፋብሪካው የብረት ብየዳ ውስጥ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን የሚፈትሹት በአልትራሳውንድ ነበር። ድምፁ በደኅና ብረት ውስጥ ያልፋል፤ ስንጥቅ ካገኘ ግን ይመለሳል።

ጁላይ 21 ቀን 1955 ፕሮፌሰሩ በቀዶ ሕክምና የወጡ የማህፀን ዕጢዎችን በሁለት መኪኖች ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኘው ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው ደግሞ ለማነጻጸሪያ አንድ ሙዳ የበሬ ሥጋ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ፈታሾቹ መሣሪያቸውን በየተራ አስጠጉ። ውሃ የቋጠረው ዕጢ ድምፁን ዝም ብሎ አሳለፈው፤ ከወዲያኛው ግድግዳ ብቻ መለሰው። ጠጣሩ ዕጢ፣ እኛ ማዮማ የምንለው፣ ከውስጡ ሌላ ዓይነት ማሚቶ ሰጠ። በእጅ ተዳሶ የማይለየው በድምፅ ተለየ። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የፋብሪካ ሠራተኛ ዘንድ ሄዶ አስተምሩኝ ማለቱ ያን ጊዜም የተለመደ አልነበረም። ግኝቱ ግን ከዚያ ትሕትና ነው የተገኘው።

አንዲት እናት፣ ሦስት ሰዎች

የመጀመሪያው መሣሪያ ደካማ ነበር፤ ከቆዳ አጠገብ ያለውንም ነገር አያሳይም። በ1956 ኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ በተባለው የመሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ቶም ብራውን የተባሉ ወጣት መሐንዲስ አንድ ወሬ ሰሙ። አንድ ፕሮፌሰር የብረት መፈተሻ በሰው ላይ ይሞክራል ተባሉ። ስልክ ደውለው ለማየት ሄዱ። የፕሮፌሰሩ መሣሪያ የማይረባ መሆኑን ሲያዩ ከድርጅታቸው የተሻለ አመጡ፤ ቀጥሎም ድምፁን ወደ ሥዕል የሚለውጥ አዲስ መሣሪያ ነድፈው ሠሩ። ሦስተኛው የቡድኑ አባል ወጣቱ ሐኪም ጆን ማክቪካር ነበሩ። ታካሚዎችን እያስተኙ፣ ሆዳቸውን የወይራ ዘይት እየቀቡ የሚመረምሩት እርሳቸው ነበሩ።

ብዙ ሐኪሞች ግን ሳቁባቸው። ማህፀን ሐኪም እጁን ይዞ መሣሪያ ፍለጋ ምን አስኬደው የሚሉ ነበሩ። ነገሩን የለወጠችው አንዲት ታካሚ ናት። ሆዷ አብጦ፣ ሰውነቷ ከስቶ፣ የማይድን የጨጓራ ካንሰር ነው ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት ሴት ነበረች። ማሚቶው ሲታይ ግን በሆዷ ውስጥ ያለው የተንጣለለ ውሃ ሳይሆን በአንድ ትልቅ ከረጢት የታሰረ ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። ሆዷ ሲከፈት ከእንቁላል ማፍሪያዋ የተነሣ፣ ካንሰር ያልሆነ ትልቅ ዕጢ ወጣ። ሴትዮዋ ድና ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ የሳቁት ሰዎች ታካሚዎቻቸውን ይልኩ ጀመር።

ጁን 7 ቀን 1958 ዶናልድ፣ ማክቪካርና ብራውን ሥራቸውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በጽሑፉ የዕጢዎች ብቻ ሳይሆን በማኅፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ምስልም ነበረበት። ድምፁ ጉዳት እንዳያደርስ ለማረጋገጥ በድመት ግልገሎች ላይ ያደረጉትን ሙከራም አብረው ገለጹ። በዛሬ ዓይን ሥዕሉ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ለመለየት የሚያስቸግር ነው። ለዚያ ዘመን ግን የተዘጋ በር እንደ መከፈት ነበር።

ከሥዕል ወደ ማስጠንቀቂያ

ከዚያ በኋላ የግላስጎው ክፍል የምርምር ቤት ሆነ። ወጣት ሐኪሞች በየፊናቸው አንድ አንድ ጥያቄ ይዘው ተሰማሩ። ጄምስ ዊሎክስ የጽንሱን ጭንቅላት ስፋት ከሳምንት ሳምንት እየለኩ ዕድገቱን ተከታተሉ። በዚህ መንገድ በማኅፀን ሳለ እየቀጨጨ ያለ ልጅ ሳይወለድ መለየት ተቻለ። ኋላም ስቱዋርት ካምቤል ልኬታውን አሻሻሉት። ዛሬ ባለሙያው ይህን ያህል ሳምንትሽ ነው የሚለን ከዚያ በተገኘ ዘዴ ነው።

በ1963 ገደማ ሌላ ቁልፍ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስ ከዳሌ አጥንት ጀርባ ስለሚሸሸግ፣ በአንጀት ውስጥ ያለ አየርም ድምፁን ስለሚያግድ አይታይም ነበር። የሽንት ፊኛ ሲሞላ ግን አንጀቱን ገፍቶ ለድምፁ እንደ መስኮት እንደሚሆን ተደረሰበት። ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ ስንባል ያማረርን ሁሉ ምክንያቱ ይህ መሆኑን እንወቅ። በዚህ ዘዴ ከማኅፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝናን፣ መንታን፣ ልቡ የቆመ ጽንስንም በጊዜ መለየት ተጀመረ።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው የእንግዴ ልጅ ነገር ነው። እንግዴ ልጅ እንደ ልማዱ ከማኅፀን ላይኛው ወይም ጎን ግድግዳ ይጣበቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን ታች ወርዶ የማኅፀንን በር ይዘጋል። በሩ መከፈት ሲጀምር ደም ይፈሳል፤ እናት በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ቀድሞ በእርግዝናዋ መጨረሻ ደም ያየች ሴት ለሳምንታት ሆስፒታል ትተኛ ነበር። በመጨረሻም ቀዶ ሐኪሙ፣ ደሙና ማደንዘዣው ተዘጋጅቶ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በጣት ትመረመራለች። ያ ምርመራ ራሱ ደሙን እንደ ጎርፍ ሊለቀው ይችላልና። ዶናልድና ኡሳማ አብዱላ የእንግዴ ልጅን ቦታ በድምፅ መለየት እንደሚቻል በ1968 ባሳተሙት ጥናት አሳዩ። እንግዲህ ያ አስፈሪ ጣት ሳይገባ፣ ሴቲቱ ሳትደማ፣ ቦታው ይታወቃል ማለት ነው።

የአልትራሳውንድን ጥቅም በአንድ ቃል ግለጹ ብንባል ጊዜ እንላለን። የሚመጣውን አደጋ ከሳምንታት በፊት አስታውቆ መዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል።

ሕመም፣ ሙግትና ዕረፍት

ፕሮፌሰሩ የሚታገሉት ከሌሎች ሕመም ጋር ብቻ አልነበረም። የልባቸው በር የታመመ ስለነበር በ1961 የመጀመሪያውን የልብ ቀዶ ሕክምና አደረጉ፤ በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ ከባድ የልብ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸዋል። እየታመሙም ለእናቶች የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ወተወቱ። የንግሥት እናት የተባለው የማዋለጃ ሆስፒታል በ1964 በግላስጎው ተከፈተ፤ የተሠራውም ከሕፃናት ሆስፒታል አጠገብ ነው።

ቁጡና ፈጣን፣ ለያዙት ዓላማ የማይመለሱ ሰው ነበሩ። አጥባቂ ክርስቲያንም ስለነበሩ በ1967 በብሪታንያ የወጣውን የጽንስ ማቋረጥ ሕግ በአደባባይ ተቃውመዋል። በዚህ የደገፏቸውም የተቃወሟቸውም ብዙ ናቸው። በ1976 ከሥራ ተሰናበቱ፤ ጁን 19 ቀን 1987 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ በ76 ዓመታቸው አረፉ።

የእርሳቸው ስም ሲጠራ የቶም ብራውን ስም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እኛ ግን ሁለቱን አንለያቸውም። ሐኪሙ ባይጠይቅ መሐንዲሱ አይሠራም ነበር፤ መሐንዲሱ ባይሠራ የሐኪሙ ሐሳብ ሐሳብ ሆኖ ይቀር ነበር። ሆዳቸውን ለሙከራ የሰጡ፣ ስማቸው ያልተጻፈ የግላስጎው እናቶች ባይኖሩ ደግሞ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን በቀሩ። በማኅበር የሚኖር ሰው ይህን አይስተውም።

ለእኛስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታገኝ ይመክራል። አባሎቻችን ለምርመራ ስትሄዱ አራት ነገር ጠይቁ። ስንት ሳምንቴ ነው? ጽንሱ አንድ ነው ወይስ መንታ? እንግዴ ልጁ የት ነው? መቼ ደግሜ ልምጣ? በአምስተኛ ወር ዝቅ ብሎ የታየ እንግዴ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ማኅፀን ሲያድግ ወደ ላይ ይሸሻል። ስለዚህ አትደናገጡ፤ ነገር ግን ሳትታዩ አትቅሩ። ወንድ ነው ሴት የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ይምጣ።

አልትራሳውንድ የማያየውም አለ። የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ በሽንት ውስጥ የሚታይ ፕሮቲን በስክሪኑ ላይ አይወጡም። ሥዕሉን አይቼ መጥቻለሁ ብላ ግፊቷን ሳትለካ የቀረች እህት ግማሹን ክትትል ትታዋለች።

አንድ ሌላ እውነት ደግሞ አለ፤ ለአባሎቻችንም ለደጋፊዎቻችንም የሚሆን ነው። በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ በገጠር ጤና ጣቢያዎች አልትራሳውንድ ገብቶ፣ ባለሙያዎችም ሠልጥነው ውጤቱ ተጠንቷል። በ2018 የታተመው ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው በመግባቱ ብቻ የእናቶችም የሕፃናትም ሞት አልቀነሰም፤ በሆስፒታል የሚወልዱትም አልጨመሩም። ስንሰማ አዘንን፤ ግን አልገረመንም። እንግዴ ልጅሽ በሩን ዘግቷል የተባለች እናት ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ከሌላት፣ ስትደርስም ደምና ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም ካላገኘች፣ ማወቋ ጭንቀት ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ነው በየወሩ የምናዋጣትን ገንዘብ እንደ ትንሽ ነገር የማናያት። ለነፍሰ ጡር እህት የመኪና ኪራይ የምትሆነው፣ እርሷ ሆስፒታል ስትተኛ ልጆቿን የሚጠብቅላት ጎረቤት የምናዘጋጅባት፣ ደም የሚሰጡ ወንድሞችን አስቀድመን የምናስማማባት እርሷ ናት። ደጋፊዎቻችንም መሣሪያ ለመስጠት ስታስቡ መንገዱን፣ መብራቱን፣ ባለሙያውንና ደሙን አብራችሁ እንድታስቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ፕሮፌሰር ዶናልድና ባልደረቦቻቸው ከማኅፀን የሚመለሰውን ድምፅ አዳምጠው ጊዜ አተረፉልን። በዚያ ጊዜ እናቲቱን በሰላም አድርሶ ልጇን ማሳቀፍ ግን የእኛ የጎረቤቶቿ ድርሻ ነው።

ነፍሰ ጡሮቻችንን ሁሉ በሰላም ያገላግልልን።